ዋስ የተጠየቀው ቀጣሪ

አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ውባንተ ይባላል። ካገሩ ወጥቶ ከተማ ከገባ ሁለት ዓመቱ ነው። እትዬ ጌጤነሽ የሚባሉ ባልቴት ባከራዩት በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ሱሪ ያሳጥራል፣ ዚፕ ይቀይራል። ሙያስ ነበረው። ግን የልብስ ፋብሪካ ደጅ በጠና ቁጥር "ዋስ አለህ?" ይሉታል። ዘመድ በሌለበት ከተማ ዋስ ከየት ይመጣል? አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል።

አንድ ቀን ሙሉ ሱፍ የለበሰ፣ መታወቂያ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው በረንዳው ሥር ቆመ።

"ወንድሜ፣ አንተን የመሰለ ባለሙያ እዚህ ጥግ ምን ያደርጋል? ሌላ ከተማ ላለ ትልቅ ፋብሪካ ሠራተኛ እየመለመልኩ ነው" አለው።

ውባንተ ደመወዙን ሲሰማ ደንግጦ ጣቱን በመርፌ ወጋ። "ዋስ ግን የለኝም" አለ እየፈራ።

"የምን ዋስ? ፈተናም የለ፣ ዋስም የለ። የምዝገባና የጉዞ ማስፈጸሚያ ገንዘብ አዘጋጅተህ ጠብቀኝ፤ ነገ ጠዋት እመጣለሁ። ነገ ካለፈ ቦታው ሞልቷል።"

ማስፈጸሚያውን የሚሸፍን ነገር ቢኖር የስፌት መኪናው ብቻ ነበር። ውባንተም "ፋብሪካ ከገባሁ ምን ያደርግልኛል?" ብሎ ገዢ አፈላለገና ተስማማ።

እትዬ ጌጤነሽ ይህን ሲሰሙ መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥሎ ተቆጡ። "ልጄ፣ እኔ ይችን በረንዳ ሳከራይህ እንኳ አገርህን ጠይቄ፣ የአባትህን ስም ጠይቄ ነው። ይሄ ሰውዬ ስፌትህን እንኳ ሳያይ ቀጠርኩህ አለ? በል እሱ ካልጠየቀህ አንተ ጠይቀው። ዋስ ጥራ በለው።"

"ኧረ እትዬ! እንጀራ ላብላህ ያለን ሰው እንዴት እንዲህ ይሉታል? ነውር አይሆንም?"

"እውነተኛ ከሆነ አይከፋውም። ካልሆነ ደግሞ ይክፋው!"

በማግስቱ ሰውዬው በጠዋት ከተፍ አለ። ውባንተ ላብ እያጠመቀው፣ "ጋሼ፣ አይቀየሙኝና፣ በእርስዎ በኩል የተቀጠረ አንድ ሰው ቢያገናኙኝ? ወይ ፋብሪካውን ሄጄ ልየው" አለ።

የሰውዬው ፊት ተለዋወጠ። "አንተን የሚተካ መቶ ሰው ተሰልፏል፣ ታውቃለህ?"

እትዬ ጌጤነሽ ከበሩ ላይ ሆነው "እንግዲያ ከመቶው አንዱን ጥራልን" አሉ።

ሰውዬው ሰዓቱን አየና "ተመልሼ እመጣለሁ" ብሎ ሄደ። እንደሄደ ቀረ። ሳምንት ሳይሞላ ለእሱ የከፈሉት ሰዎች ሻንጣቸውን ይዘው አውቶቡስ ተራ እስኪመሽ ቆመው መዋላቸው ተሰማ። ውባንተ ይህን ሲሰማ መኪናውን ተደግፎ "እፎይ! ተመስገን" አለ። ገዢውን ያን ዕለት አሰናብቶት ነበር።

ልብ አግኝቶ ወደ አንድ ፋብሪካ ሄደ። ፈታኟ ሴትዮ ኮሌታ አሰፋችው፤ ሁለት ጊዜ አስፈታችው፤ በመጨረሻም "ጥሩ ነው፤ ዋስ አምጣ" አለችው።

"እኔስ ስለ እናንተ ማንን ልጠይቅ?" አላት።

አልተቆጣችም። "ሠራተኞቹ ለምሳ ወጥተዋል። የፈለግኸውን ጠይቅ" አለችው። ጠየቀ። ምግቡ እንደማይረባ፣ አለቃዋ ኃይለኛ እንደሆነች፣ ደመወዝ ግን ቀኑን እንደማያሳልፍ ነገሩት። ክፉውንም ደጉንም ስለነገሩት አመናቸው።

የዋሱን ነገር ለእትዬ ጌጤነሽ ሲያጫውታቸው እጃቸውን በአፋቸው ጫኑ። "እኔ ቤት ያለኝ ሴትዮ እዚህ ቁጭ ብዬ? ቤቴን አስይዤ ዋስ እሆንሃለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለምን ዝም አልክ?"

"አፍሬ ነዋ" አለ ውባንተ፤ ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጡበት።

ወዳጄ፣ እውነተኛ ቀጣሪ ማንነትህን ይጠይቃል፣ ስትጠይቀውም ይመልሳል። አጭበርባሪ ሳይጠይቅህ ይሾምሃል፣ ስትጠይቀው ይቆጣል፣ እንዳታስብም ያጣድፍሃል። ሲሮጡ የታጠቁት ደግሞ ሲሮጡ ይፈታል። ይሉኝታ ደግ ጠባይ ነው፤ አታላይ የሚተዳደረው ግን በእሱ ነው። ውባንተ እንደ ልጅ የሚወዱትን እትዬ ጌጤነሽን "ዋስ ይሁኑኝ" ለማለት አፍሮ ነበር፤ የማያውቀውንም ሰው "ማን ነህ?" ለማለት አፍሮ ነበር። እኛስ መጠየቅ አፍረን ያጣነው ስንት ይሆን?