እማማ አስካለና የአጥሩ ሽንቁር

ጠጋ ጠጋ በሉ። በሩ ላይ የቆምከው፣ አንተም ግባ። ጆሯችሁን ለእኔ ስጡ፤ ዓይናችሁን ለእንቅልፍ እንዳትሰጡ።

በድሮ ዘመን በአንዲት መንደር አንድ የጋራ ምንጭ፣ በምንጩም ዙሪያ አንድ የጋራ ጫካ ነበር። የጋራ ስለሆነ ማንም አይጠብቀውም፤ ሁሉም ግን ይቆርጠው ነበር። አንድ ቀን ሰዎቹ ቀና ቢሉ ጫካው ሳስቷል፣ ምንጩም ቀጥኗል።

በዚያች መንደር አያ ደርሶ የሚባል ሰው ይኖር ነበር። ደግ ነው፣ ታታሪ ነው፣ ግን አንድ አመል አለበት። አጥር ይወዳል። ሚስቱ ዶሮ ልግዛ ስትለው እሱ ቀድሞ አጥሩን ሠርቶ ይጨርስ ነበር።

እማማ አስካለ የሚባሉ አሮጊትም ነበሩ። ቤታቸው ከጫካው ጠርዝ ነው። ሰፌድ ይሰፋሉ፣ ትንሽ ይናገራሉ፣ ብዙ ያስባሉ። ተንኮልም አያጡም፤ ሰው የማይጎዳውን ዓይነት።

አያ ደርሶ መንደሩን ሰበሰበና «ጫካችንን በደቦ እናድን» አለ። «ዋጋችንስ?» ቢሉት «ጥላው» አላቸው። ተስማሙ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ችግኝ ተከሉ። በሁለተኛው ቅዳሜ ውሃ አጠጡ። በሦስተኛው ቅዳሜ ጫካውን ከነምንጩ በአጋምና በቀጋ እሾህ አጠሩት። ለሰው አንድ በር ከነመዝጊያው ተበጀ። ከዚያ ውጪ እባብ እንኳ ጎኑን ሳይቧጨር አያልፍም።

እማማ አስካለ ዶማ ሊያነሱ ሲሉ አያ ደርሶ «እማማ፣ እርስዎ ጥላው ሥር አረፍ ይበሉና ይመርቁን» አላቸው። እሳቸው መረቁ፤ ሕዝቡም አሜን አለ። ሕግም ወጣ፦ አጥሩን ያፈረሰ ከደቦው ማኅበር ይወጣል፣ ከምንጩም አይቀዳም።

ታዲያ በጋው ገባ።

ጥንቸል መጣች፤ አጥሩን ዞረች፤ ተመለሰች። ኤሊ መጣ፤ አጥሩን ዞረ፤ ኤሊ አይደል፣ ዞሮ እስኪጨርስ ሁለት ቀን ፈጀበት፤ ተመለሰ። ሚዳቋ ግልገሏን አስከትላ መጣች፤ አጥሩን ዞረች፤ ግን አልተመለሰችም። ግልገሏ መቆም አቅቶት ነበር።

ሚዳቋዋ ከእማማ አስካለ ደጅ ሄዳ ቆመች።

«እማማ፣ ሰዎቹን ምን በደልናቸው?»

«ምንም ልጄ። እንዲያውም ይወዷችኋል።»

«ፍቅራቸው ውሃ ያስጠማል?»

እማማ ከእንስራቸው ቀድተው አጠጧቸው። ግን የአንዲት አሮጊት እንስራ ለዱር ሁሉ ይበቃል? አይበቃም። ስለዚህ ወደ አያ ደርሶ ሄዱ።

«ደርሶ ልጄ፣ አውሬው ተጠምቷል።»

«እማማ፣ ለሚዳቋ ብከፍት ፍየል ይገባል። ፍየል ከገባ ደግሞ ችግኝ የለም።»

እውነቱን ነው። ግልገሉም የተጠማው እውነቱን ነው። ኩል ልትኳል ሄዳ ዓይኗን አጥፍታ መጣች የሚባለው እንዲህ ያለው ነገር ሲመጣ ነው።

በማግስቱ ማለዳ እማማ ሰፌዳቸውን ይዘው ወረዱ። ከአጥሩ ግርጌ ሰፌዱን የሚያህል ሽንቁር ለክተው ከፈቱ። ፍየል ቀንዷን ዝቅ ማድረግ አትወድም፤ ሚዳቋ ግን አንገቷን ደፍታ መሹለክ ታውቅበታለች።

አያ ደርሶ አየና ደፈነው። እማማ ከፈቱት። በሁለት እጥፍ እሾህ ደፈነው። እማማ ከፈቱት። በሦስት እጥፍ ደፈነውና ቁጥቋጦ ጀርባ አድፍጦ ጠበቀ። ሲነጋጋ እማማ እጃቸው እየደማ እሾህ ሲጎትቱ አገኛቸው። ክው አለ። ሌባ ነበር የጠበቀው።

ሕግ ሕግ ነውና መንደሩ ከአጥሩ አጠገብ ካለው ወይራ ሥር ተሰበሰበ። ፍርዱን ሊናገር የፈለገ ሰው አልነበረም። አያ ደርሶ መሬት መሬት እያየ «እማማ፣ ከማኅበሩ ወጥተዋል፤ ከምንጩም አይቀዱም» አለ።

«ይሁን» አሉ እማማ። «ለእኔ የሰጣችሁኝ ሥራ ምርቃት ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ሥራዬን ልሥራና ልሂድ።»

ሕዝቡ እጁን ዘረጋ።

«ዱራችሁ ይልምልም።»

«አሜን።»

«ምንጫችሁ አይንጠፍ።»

«አሜን።»

«የተጠማ ሁሉ ከዚህ ጠጥቶ ይርካ፤ ሚዳቋዋም፣ ግልገሏም።»

«አሜን።»

አያ ደርሶም አሜን ብሎ ነበር፤ እንዲያውም ድምፁ ከሁሉም ጎልቶ ተሰምቷል።

እማማ ሰፌዳቸውን ብብታቸው ሥር ከተቱ። «እኔ የከፈትሁት አሁን አሜን ያላችሁትን ነው። አሜን ካለ በኋላ በእሾህ የሚደፍን ማን እንደሆነ አሳዩኝና ልሂድላችሁ።»

 አያ ደርሶ ተነሣ። ሰፌዱን ከእማማ ተቀብሎ ከአጥሩ ግርጌ ተንበረከከ፣ ለካ፣ እሾሁንም በገዛ እጁ ነቀለ።

ሚዳቋዋ አንገቷን ደፍታ ሾለከች። ግልገሉ እየተንገዳገደ ተከተላት። ጠጡ። ፍየል መጣች፣ ሽንቁሩን አየች፣ ቀንዷን ነቅንቃ ሄደች።

ከዚያ ወዲያ የእማማ አስካለ ቅጣት ተነሣ፤ ቅዳሜ ከምንጩ የሚቀዳው የመጀመሪያ እንስራም የእሳቸው ሆነ። አያ ደርሶ ደግሞ፣ እሱም አጥር አፍርሷልና፣ በቅጣቱ በየሳምንቱ ሽንቁሩን በሰፌድ እየለካ እንዳይደፈን እንዲጠብቅ ተፈረደበት። አላጉረመረመም። ሰው አመሉን የት ይጥለዋል፣ የሽንቁሩን ዙሪያ አሳምሮ አጠረው።

ልጆች፣ የወደዱትን መጠበቅ ደግ ነው። ስትጠብቁት ግን ጠምቶት እንደሆነ ጠይቁት።

ተረቴ ሾልካ ወጣች፤ ሽንቁሩን እንዳትደፍኑባት።