እማማ አህያ የለመነችው ደንብ

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ሁሉ ግንብ አጥረው በአንድ ከተማ ይኖሩ ነበር። የከተማው ደንብ ታዲያ የጉድ ነበር። «በግንቡ ውስጥ ቤት ይሠራል፣ ገበያ ይቆማል፤ መቆፈርና መዝራት ግን ክልክል ነው፤ ከተማን ገጠር ያስመስላል» ይላል። እስቲ አስቡት! ግማሹ ነዋሪ ቅጠል በሊታ ነው፤ ቅጠል ለማግኘት ግን የግማሽ ቀን መንገድ መሄድ አለበት።

እማማ አህያ የምትባል አንዲት ባልቴት ጉልበቷን አሟት ያንን መንገድ መሄድ አቃታት። ምን ታድርግ? ከቤቷ ጀርባ ካለችው ቁራሽ መሬት ላይ ድንጋዩን ለቅማ፣ የራሷን ፋንድያ ነስንሳ ጎመን ተከለች። ጎመኑ ደግሞ ሲያምር! እሷም በላች፣ ለጎረቤቷ ለዶሮም አካፈለች። ያቺ ጓሮ ባትኖር በረሃብ ትሞት ነበር፤ ነገሩ ይኸው ነው።

አንድ ቀን ጠዋት የከተማው ደንብ አስከባሪ አያ ጅቦ በዚያ ሲያልፍ ጓሮውን አየ።

«ምንድን ነው ይሄ?» ብሎ ጮኸ።

«ጎመን ነዋ፣ አያ ጅቦ።»

«ከተማ መሃል ጎመን! በሦስት ቀን ውስጥ ካልነቀልሽ ወየውልሽ!» አለና ዳሌዋን አየት አድርጎ ምራቁን ዋጠ።

እማማ አህያ ያን ቀን እያነከሰች ወደ ንጉሥ አንበሳ ቤተ መንግሥት ሄደች። «ደንቡ ይሻሻልልኝ፣ በጓሯችን እንድንዘራ ይፈቀድልን» ብላ ልትለምን ነው። የሸንጎው ጸሐፊ ቀበሮ በሩ ላይ ተቀበላት።

«እማማ፣ አቤቱታዎን ለእኔ ይንገሩኝ፣ እኔ አቀርበዋለሁ። እርስዎ እዚሁ አረፍ ይበሉ» አላት፤ አፉ ማር ነው። እሷም አምናው ደጅ ላይ ተቀመጠች። ሦስት ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ደጅ ጠናች፤ ግቢ ያላት የለም።

ውስጥ ደግሞ ንጉሥ አንበሳ አቤቱታውን ሰማና፣ «ባልቴቷ አህያ እውነቷን ነው። ሆድ ባዶ ከሆነ የከተማ ወግ ምን ይሠራል? ደንቡ ይሻሻል!» አለ። አያ ጅቦ ሊቃወም አፉን ሲከፍት ቀበሮ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ።

«ዝም በል፣ አያ ጅቦ። ‹መሬቱ ቀድሞ ላጠረ ነው› የምትል ነገር አስገባልሃለሁ። አንተ የዚያችን ባልቴት ጓሮ ታጥራለህ፣ ለእኔ አንድ ጭን ሥጋ ትልክልኛለህ።»

«እኔ ጎመን ምን ያደርግልኛል?» አለ ጅቦ። ትንሽ አሰበና፣ «አጥንትስ ይዘራል?» ብሎ ጠየቀ።

«ምን የማይዘራ አለ!» አለ ቀበሮ ሳቁን ውጦ።

በሦስተኛው ቀን ነጋሪት ተጎሰመ። «መዝራት ተፈቅዷል! መሬቱ ቀድሞ ላጠረ ነው! ክረምቱ ሲወጣ ሸንጎው እየዞረ ሰብሉን ያያል!» እማማ አህያ መዝራት መፈቀዱን ስትሰማ ሌላውን ልብም አላለችው። ደስታዋ ጉልበቷን አስረስቷት ወደ ቤቷ ገሰገሰች።

ወይ ጉድ! ወይ ጉድ! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ? ጓሮዋ ዙሪያውን በእሾህ ታጥሯል። ጎመኗ ከነሥሩ ተነቅሎ መንገድ ላይ ተጥሏል። አያ ጅቦ መሃሉ ላይ ተንሰራፍቶ ተቀምጧል።

«ምን ሆነሃል አንተ? ይሄ እኮ የእኔ ጓሮ ነው!»

«ነበር። አሁን ደንብ አለ። አጥረሽዋል?»

«ማንን ፈርቼ ልጠር? ዶሮን?»

«እንግዲያውስ ተይው። ደንቡን ለምነሽ ያስወጣሽው አንቺ፣ መልሰሽ የምትጥሺውም አንቺ?»

የእማማ አህያ ጆሮዎች ወደቁ። ዶሮ ግን ከአጥሩ ማዶ ሆና ክንፏን እያራገበች ጮኸች። «ከጅብ ቆዳ የተሠራ ክራር ቅኝቱ እንብላው እንብላው ነው ሲሉ እሰማ ነበር! ደንቡንም ከዚያው ቆዳ ነው እንዴ የሠሩት?»

አያ ጅቦ መች ይሰማል! ያጠራቀመውን አጥንት ሁሉ አምጥቶ ቀበረ። «አጥንት ዘርቼ ሥጋ አጭዳለሁ» እያለ ለሰፈሩ ሁሉ አወራ። እውነቴን ነው፣ እንዲህ ነው ያለው! በማግስቱ በቅሎ እንደሆነ ለማየት አንዱን ቆፍሮ አወጣ፤ አሸተተው፤ «ይቺን ብቻ» ብሎ ቆረጠመው። በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ። በሦስተኛውም። እማማ አህያ ግን ክረምቱን ሁሉ መንገድ ላይ የወደቀ ገለባ እየለቀመች የጎድን አጥንቷ ተቆጠረ።

ክረምቱ ወጣ። ሸንጎው እየዞረ ሰብሉን አየ። ፍየል ባቄላ አሳየች፣ ጥንቸል ካሮት አሳየች። ከአያ ጅቦ አጥር ሲገቡ ግን ጉድጓድ ብቻ! አንዲት ቅጠል የለም።

«የዘራኸው የት አለ?» አለ ንጉሡ።

«አጥንት ነበር የዘራሁት፣ ጌታዬ።»

«አጥንት!»

«ይበቅላል ብሎኝ ነዋ፣ ጸሐፊው! ‹ይህን መሬት እጠር› ያለኝም እሱ ነው፣ ጭን ሥጋም በልቶብኛል። እኔማ ደርሶ እንደሆነ እያልኩ በየቀኑ ቆፍሬ ሳይ... ሳላስበው አለቀ።»

ሸንጎው ክው አለ። ቀበሮ ወደ ኋላው ሸርተት ሊል ሲል ዘበኞቹ ያዙት። ንጉሡ ዘወር ቢል ከአጥሩ ውጪ አንዲት አጥንቷ የገጠጠ አህያ ቆማለች።

«ይህን ደንብ የለመንሽው አንቺ አይደለሽም? ‹ቀድሞ ላጠረ› ሲባል ምነው ዝም አልሽ?»

«ንጉሥ ሆይ፣ እኔ ደጅ ነበርኩ።»

«የማን ደጅ?»

«የእርስዎ። ሦስት ቀን ሙሉ።»

አንበሳ ያገሳል ብለው ሁሉም ጆሯቸውን ያዙ። እሱ ግን አንገቱን ደፋ። እንዴት አይድፋ? ስለ ጎመኗ የወጣ ደንብ፣ ጎመን የተከለችው ከበሩ ውጪ ተቀምጣ ተጽፏል! በኋላ ግን አጥሩ እንዲነሳ አዘዘ። ቀበሮን ከከተማው አስባረረ፣ ጅቦንም ከሹመቱ ሻረ። ከዚያም እዚያው ጉድጓዱ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠና፣ «በይ ነይ ግቢ፣ እማማ። አንቺ ተናገሪ፣ እኛ እንጽፋለን» አላት።

«መጀመሪያ ጉድጓዱን ልድፈን፣ ጌታዬ፤ የመሬቱ እርጥበት ሳያልቅብኝ» አለች እማማ አህያ። ሸንጎው በሙሉ እሷ አፈር እስክትመልስ ቆሞ ጠበቃት።

ከዚህ የምንማረው፣ ለአራሽ ተብሎ የሚወጣ ደንብ አራሹ ደጅ ቆሞ ከተጻፈ፣ ሲሳይነቱ ለጅብ መሆኑን ነው።