ምንታምር ያልጨረሰችው ቃል

ደሴ ውስጥ መኪና ሊከራይ የወጣ ሰው መንገድ ላይ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ከተገናኘ አለቀለት፤ ሽማግሌው ሰላምታውን ሳይጨርሱ አንዲት ተረት ጣል ያደርጉበታል። ወጣቶቹ ተረቷን ከአፍ ከአፍ እየተቀባበሉ ይሏታል እንጂ ከየት እንደመጣች አይጠይቁም። መቼም ዝም ብላ የተወለደች ተረት የለችም። ይህችማ የአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ በር አስዘግታ ነው የተወለደችው።

ልብስ ሰፊው ሙህዬ ይባል ነበር። ሱቁ ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። አባቱ ዕድሜውን ሙሉ የሰፋው እሷው ውስጥ ነው፤ ሊሞት ሲልም ልጁን አስጠርቶ ሌላ ነገር አልተናገረም፤ «ሙህዬ፣ ይህ በር እንዳይዘጋ። እናትህም እህትህም የሚበሉት ከዚህ በር ነው» አለው። ሙህዬም ቃሉን ጠበቀ። ዝናብ ቢሆን፣ ሕመም ቢሆን፣ ያቺ በር በጠዋት ትከፈታለች። የአባቱ ጥቁሯ የእግር ስፌት መኪና በመስኮቱ በኩል፣ እሱ ለፍቶ የገዛት የኤሌክትሪኳ ደግሞ ከጎኗ ተቀምጠው ነበር። ለሥራው ጥንቁቅ ነው። ደጋግሞ ሳይለካ፣ ባለጨርቁን «ክንዱ ይጥበብ ይስፋ? ሲታጠብ ቢያጥርስ?» ብሎ ሳያደርቅ መቀስ አያነሳም። ደንበኞቹ «ኧረ ሙህዬ፣ ጨርቅ ነው የሰጠንህ ወይስ ምስክርነት?» እያሉ ይቀልዱበታል።

አባቱ ከሞተ በኋላ አባት ሆነው የቆሙለት አጎቱ ጋሽ እንድሪስ ናቸው። ጋሽ እንድሪስ ዱዓቸው የሚያርፍ፣ ቃላቸው መሬት ጠብ የማይል፣ የተጣላ የሚያስታርቁ ሰው ናቸው። አንድ ነገር ብቻ አይወዱም፤ ሟርት። ሰማዩ ጠርቶ ጃንጥላ የያዘ ሰው ካዩ «ዝናቡን የምትጠራው አንተ ነህ!» ብለው ይቆጣሉ። ክፉ ነገር ስሙ ሲነሳ ይሰማል፣ ሰምቶም ይመጣል ብለው የሚያምኑ ናቸው። በዚህ ደግሞ ብቻቸውን አይደሉም፤ አገሩ ሁሉ እንዲያው ነው።

የሙህዬ እህት ሰዓዳ ለሐርቡ ሰው ታጨች። ኒካሁ ደሴ ታሰረ፣ ሙሽራዋን ሐርቡ ወስዶ ለባሏ ቤተ ሰብ ማስረከብ የወንድሟ ድርሻ ሆነ። ሙሽራ እንደ ገበያተኛ በሚኒባስ ተጠቅጥቃ አትሄድም። ሙህዬ በወጣትነቱ ታክሲ ሲሠራ ያወጣው መንጃ ፈቃድ ስላለው፣ የሰርጉ ዕለት በጠዋት ከአጎቱ ጋር ሆኖ መኪና ሊከራይ ምንታምር ዘንድ ሄደ።

ምንታምር ባሏ ሲሞት የተወላትን ሁለት መኪና እያከራየች ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ናት። ነጯን አወጣችላቸው። ሙህዬ ዞሮ ዞሮ አያት፤ ጎማዋን በእግሩ ነካ ነካ አደረገ፣ እንደ ልማዱም መጠየቅ ጀመረ።

«ኢንሹራንስ አላት?»

«አላት፤ ግን…» አለች ምንታምር። «ያላት የሦስተኛ ወገን ነው። ይኼ ማለት፣ አያድርገውና መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢፈጠር…»

ጋሽ እንድሪስ ከዘራቸውን ሲሚንቶው ላይ መቱ። «አስተግፍሩላህ! አንቺ ሴት፣ ሙሽራ ልናደርስ እኮ ነው የመጣን! ገና ዱዓ ሳናደርግ መንገድ ላይ ምን ልታመጪብን ነው?»

«ጋሼ፣ ክፉ ተመኝቼ አይደለም። ሁለት ዓይነት ስላለ ነው። አንደኛው…»

«አንደኛውም ሁለተኛውም ይቅርብን! አላት ካልሽ አላት ነው። ሟርትሽን እዚያው ለራስሽ።»

ምንታምር ዞር ብላ ሙህዬን አየችው። ሙህዬ ሊጠይቅ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ለአንድ ሱሪ እንኳ ያን ሁሉ የሚጠይቅ ሰው እንዴት አይጠይቅ! ግን በሰርግ ጠዋት፣ ያውም መራቂው አጎቱ ከፊቱ ቆመው፣ ስለ ግጭት ማውራቱን ፈራ። አጎቱን ካስቀየመ ምርቃቱ ይጎድላል፤ ምርቃት የጎደለው ሰርግ ደግሞ ምን ሰርግ ነው? አንገቱን ደፍቶ ውሉ ላይ ፈረመ።

ቁልፉን ስትሰጠው ምንታምር ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ወንድሜ፣ ትንሽ ብትጨምር እኮ ለራሷ ለመኪናዋም የሚሆነውን…» ስትል ጋሽ እንድሪስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሙህዬም «አላህ ያውቃል» ብሎ ሞተሩን አስነሳ።

ሙሽራዋ ደጃፍ ሲደርሱ ጋሽ እንድሪስ መኪናዋ አፍንጫ ላይ እጃቸውን ጭነው ረጅም ዱዓ አደረጉ። ሙሽራዋ ከኋላ፣ አጎቷ ከፊት ተቀመጡ፤ ዘመድ አዝማዱ በአውቶቡስ ተከተለ። የሐረጎን ቁልቁለት ሲጀምሩ ጉሙ ወረደባቸው። መንገዱ እንደሆነ ጥምዝ ነው፣ በአንድ በኩል ቋጥኝ፣ በሌላው ገደል። ሙህዬ ፍሬኑን እየነካካ፣ ጡሩምባ እያሰማ ቀስ ብሎ ነበር የሚወርደው። ከጉሙ ውስጥ አንድ ቀይ በሬ ዱብ አለበት።

መሪውን ወደ ቋጥኙ ጠመዘዘው፤ ወደ ገደሉ ማዞር እንደማይሆን ልቡ አውቆታል። በሬውም አልተረፈ፣ መኪናዋም አልተረፈች። የሰዓዳ ግንባር ትንሽ ተፈነከተ። ከአውቶቡሱ የወረዱት ሴቶች ሙሽራዋን አቅፈው አለቀሱ። ወንዶቹ «በሰው ሕይወት አልደረሰ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ንብረት ይተካል» ተባባሉ።

የበሬው ባለቤት አራጋው የሚባል ገበሬ፣ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ እየሮጠ ደረሰ። «ጥማዴን ሰበራችሁት! አሁን በምን ላርስ ነው?»

ሙህዬ ትከሻውን ያዘው። «አብሽር ወንድሜ። ኢንሹራንስ አላት።»

እውነቱን ነው። ሰዓዳ ግንባሯ በሻሽ ታስሮ በአውቶቡሱ ከባሏ ቤት ገባች፤ ውሎ አድሮም ኢንሹራንሱ ለአራጋው የበሬውን ዋጋ ከፈለ። አራጋው ሌላ በሬ ገዝቶ ለእርሻው ደረሰ። ሙህዬ ይህን ሲሰማ ደስ አለው፤ ነገሩ ያለቀ መሰለው። ደስ ብሎትም ወደ ምንታምር ሄደ። ነጯ መኪና ጋራዥ ውስጥ ፊቷ ተጨራምቶ ቆማለች።

«ለበሬው ከፍለዋል» አላት። «ለእሷስ መቼ ይከፍላሉ?»

ምንታምር ወንበር ስባ አስቀመጠችው። «ያን ቀን ልነግርህ የነበረው ይኼንኑ ነበር። የሦስተኛ ወገን ማለት አንተ ለጎዳኸው ሰው ነው፤ ለሰውየው፣ ለከብቱ፣ ለአጥሩ። ለራሷ ለመኪናዋ አምስት ሳንቲም የለውም። ለእሷ የሚሆነው ሌላ ነው፤ እሱን አላስገባህም። ውሉ ደግሞ ጉዳቷ በተከራዩ ነው ይላል።»

ሙህዬ ያን ያህል ገንዘብ ከየት ያመጣል? ሽማግሌ ተላከ። ጋሽ እንድሪስም አንገታቸውን ደፍተው ከሽማግሌዎቹ መሐል ተቀመጡ። ምንታምር የሽማግሌ ቃል አልናቀችም፤ ከጉዳቱ የቻለችውን ያህል ተወችለት። ከዚያ በኋላ ግን ማልቀስ ጀመረች። «ሁሉንም ብምረው ደስታዬ ነበር። ግን ይህች መኪና የልጆቼ አባት ማለት ናት። ከቆመች እነሱን በምን ላበላቸው ነው?» ሽማግሌዎቹም ቀሪው ይከፈላት አሉ። የተበደለች እሷ ሆና ሳለ ምን ይበሏት?

ጋሽ እንድሪስ በቅሏቸውን ሸጡ። አልሞላም። የኤሌክትሪኳ ስፌት መኪና ተሸጠች። አሁንም አልሞላም። በመጨረሻ የአባቱ ጥቁሯ የስፌት መኪና በጋሪ ተጭና ወጣች። ሥራ የሌለበት ሱቅ ኪራይ አይችልምና ሙህዬ ቁልፉን ለሱቁ ባለቤት መለሰ። በሩን ሲዘጋ እናቱ አጠገቡ ቆማ ነበር፤ እሱ እንደ ልጅ አለቀሰ። አባቱ የለመነው አንድ ነገር ይህች በር ነበረች፤ እሷኑ በገዛ እጁ ዘጋት። ያን ያህል ነገር የሚጠይቅ ሰው፣ አንዲት ጥያቄ ፈርቶ ቀረና ይህ ሆነ።

ከዚያ ወዲያ ሙህዬ በሰው ሱቅ፣ በሰው መኪና ላይ ተቀጥሮ ይሰፋ ጀመር። አጎቱን አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገራቸውም። ጋሽ እንድሪስን ያቃጠላቸውም ይኼው ነው፤ ቢሰድባቸው ይሻላቸው ነበር። ያችን የተዘጋች በር ላለማየት ወደ መስጊድ ሲሄዱ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዱ እንደነበር ጎረቤት ሁሉ ያውቃል።

ዓመቱ ዞረና የጋሽ እንድሪስ የራሳቸው ልጅ ሰርግ ደረሰ። ለሙሽራ መኪና ያስፈልጋል። ሽማግሌው ሌላ ቦታ አልሄዱም፤ ሙህዬን ይዘው፣ የሚስታቸውን ወንድም አስከትለው፣ ቀጥ ብለው ምንታምር ዘንድ ገቡ። ነጯ መኪና ተጠግና ግቢው ውስጥ ቆማለች። ምንታምር ሽማግሌውን ስታይ ደነገጠች፤ ውሉን አቀረበችና ስለ ኢንሹራንሱ ትንፍሽ ሳትል ቆመች።

«ምነው ዝም አልሽ?» አሏት። «ያን ቀን ያላስጨረስኩሽን ቃል ጨርሺው።»

«ጋሼ፣ ይቅር፤ የሰርግ ቀን ነው…»

«ጨርሺው ልጄ። ሰው ብንገጭ ማን ይከፍላል? እሷ ራሷ ብትጎዳስ? መስተዋቷ ቢረግፍስ? ከሙህዬ ሌላ ሰው ቢነዳትስ?»

የሚስታቸው ወንድም ዓይኑ ፈጠጠ። «ኧረ በአላህ እንድሪስ! ምን ነካህ? በልጅህ ሰርግ ላይ ታሟርታለህ?»

ጋሽ እንድሪስ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙት፤ ምንታምርም ተናገረች። ለሌላው ሰው የሚሆነውን ነገረቻቸው፤ ለመኪናዋ የሚሆነውን ነገረቻቸው። እሱም ቢሆን ከጉዳቱ የመጀመሪያዋን ድርሻ በተከራዩ ላይ እንደሚተው፣ ስሙ ውሉ ላይ ያልሰፈረ ሰው ከነዳት ደግሞ ጭራሽ እንደማይከፍል አንድም ሳታስቀር አስረዳች። ሽማግሌው ያልገባቸውን እየደጋገሙ ጠየቁ፤ ለመኪናዋም የሚሆነው ይግባ አሉ፤ ዱዓ ያደረጉት ከዚያ በኋላ ነው።

የሚስታቸው ወንድም አሁንም ከንፈሩን እየነከሰ ነበር። «ጉድ ነው! ሟርት የምትጠላው ሰውዬ!»

ጋሽ እንድሪስ መሪውን ወደያዘው ሙህዬ አዩ። ሙህዬ አንገቱ ላይ ያጠለቀው ሜትር የቀጣሪው ነው። ዓይናቸው እንባ ሞላ፣ ሊደብቁትም አልሞከሩም፤ ወደ ሚስታቸው ወንድም ዞሩ። «ያን ቀን ይህችን ሴት አፏን ያስያዝኳት እኔ ነኝ። ዝም በማሰኘቴ በሬው አልቀረልን፤ የወንድሜ በር ግን ተዘጋ። እንግዲህ ስማኝ፣ ለልጆችህም ንገር፦ ክፉውን ከማየት፣ ክፉውን ማውራት።»