ቀዳሚው የኋላ ጎማ

ፊታውራሪ ይልቃል መንገድ ላይ የቀደማቸውን ሁሉ ያሳስሩ ነበር። የከተማው መካኒክም በብስክሌት ቀድሟቸው ሦስት ቀን ታስሯል። አንድ ቀን አሮጌው የእንግሊዝ ሞተር ሳይክላቸው የኋላ ጎማው እየተወላገደ ሲያስቸግራቸው ወደዚሁ ሰው ወሰዱት።

መካኒኩ ፈታትቶ አየና፣ «ጌታዬ፣ ጎማውን የያዘው ፔርኖና የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ የተለያየ ሞተር ዕቃ ናቸው፤ አይገጥሙም። ጎማው ወልቆ ይሄዳል» አለ።

«መርጬ ያስገጠምኩት እኔ ነኝ» አሉ ፊታውራሪ። «ምንም ሳትቀይር አጥብቀህ ስጠኝ። መንገድ ላይ አንዳች ነገር ቢሆን ግን ትታሰራለህ።»

መካኒኩ ብሎኑን አጥብቆ ሞተሩን አስረከባቸው። ከዚያ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣

«እሺ ጌታዬ» አለ። «ቁልቁለቱ ላይ የኋላው ጎማ ቀድሞዎት ካለፈ ግን፣ በደንብዎ መሠረት የሚታሰረው እሱ ነው።»