ሼህ ሙህዬ የመለሱት ቃል

«አባባ፣ እስቲ ሳያቋርጡኝ ይስሙኝ፣ ካቆምኩ አልጨርሰውም። የሐጂ ጧሃ መኪና ዳሽቦርድ እንከን አለው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ የደበቅኩትም እኔ ነኝ!»

ይህን ያለችው ረውዳ ናት። አያቷ ሼህ ሙህዬ ከከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት ተመልሰው፣ የተስቢህ መቁጠሪያቸውን እንደያዙ ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። ግንቧ ባረጀ፣ መንገዷ በጠበበ በዚያች ከተማ እሳቸውን የማያውቅ የለም። እንጨት ያድሳሉ። ሥራ ሲያስረክቡ ደግሞ ልማድ አላቸው፤ መጀመሪያ ጣታቸውን እንከኑ ላይ ያሳርፉና «እዚህ ጋ እንዲህ አለበት» ይላሉ። ባለቤቱ ዕቃውን የሚረከበው ከዚያ በኋላ ነው። የለበትም ካሉ ደግሞ ማንም አያጣራም።

ሐጂ ጧሃ ያመጧት መኪና ቅንጡ ናት። ዳሽቦርዷ በስስ እንጨት የተለበጠ ነው፤ ፀሐይ በዝቶበት ቫርኒሹ ነጭ ጉም ለብሶ፣ የእንጨቱ መልክ ጠፍቶ ነበር። ሼሁ ለረውዳ ብርጭቆ ወረቀት ሰጧትና «ብናኙ ነጭ እስከሆነ ድረስ የሚነሳው ቫርኒሹ ነው። ቡኒ ከመጣ እጅሽን አንሺ፤ እንጨቱን እየበላሽው ነው» አሏት።

ረውዳ ዝምተኛ ልጅ ነበረች። ዘንድሮ ግን ክፍል ውስጥ እጇን ማውጣት ጀምራለች፤ መምህሩም እሷን መጥራት ለምደዋል። በዚያው ድፍረቷ ቡኒ ብናኝ ስታይ «ትንሽ ብቻ፣ እችለዋለሁ» አለች። ሬዲዮው አጠገብ ልባጡ ተበሳና ከሥሩ ያለው ነጣ ያለ ጣውላ ብቅ አለ። ሼሁ ሳያዩ ቡኒ ቀለም ነካ ነካ አደረገችበት፤ ቫርኒሽ ደረበችበት። ጠፋ። የሼሁ ዓይን ደከም ብሏል፤ በእጃቸው ሲዳስሱትም ለስልሶ አገኙት።

ዛሬ ሐጂ ጧሃ መኪናቸውን ሊወስዱ መጥተው «ማሻአላህ! ያ ሁሉ ጉም የት ገባ ሼሁ? ምንም እንከን የለውም?» ሲሉ፣ አያቷ «የለውም» አሉ። ረውዳ እዚያው ቆማ ነበር።

አሁን ተናግራ ስትጨርስ ቁጣ ጠበቀች። ሼሁ ግን ጫማቸውን ፈለጉ።

«ወዴት ነው አባባ?»

«ሐጂ ጧሃ ቤት።»

«ነገ ቢሆንስ? ዛሬ እንግዳ አለባቸው እኮ!»

«የለውም ያልኩት ዛሬ ነው፣ ልጄ።»

ተከተለቻቸው። ሐጂ ጧሃ ደጃቸው ላይ መኪናዋን ለእንግዶቻቸው እያሳዩ ነበር። ሼሁ ሰላምታ ሰጥተው «ሐጂ፣ እንከን የለውም ብዬዎት ነበር። አለው። ሬዲዮው አጠገብ ልባጡ ተበስቷል፤ በቀለም ነው የተሸፈነው» አሉ።

ሐጂ ጎንበስ ብለው ፈለጉ። አላገኙትም። ሳቃቸው መጣ። «እኛ ያላየነውን በዚህ ዓይንዎ እንዴት አዩት፣ ሼሁ?»

«አላየሁትም። ተነገረኝ።»

«ማን ነገረዎት?»

«እሱ እኔ ዘንድ አማና ነው፣ አደራ።»

ከእንግዶቹ አንዱ አጠገቡ ወደቆመው ሰው ዘንበል ብሎ «ዓይናቸው አልቋል በለኛ! አሁንስ ሥራውን ቢተውት ይሻላቸዋል» አለ። ረውዳ ሰማች። ሼሁም ሰምተዋል።

«ይተዉት ሼሁ፣ እኔ አውፍ ብያለሁ» አሉ ሐጂ።

«አላህ ይስጥልኝ። እንጨቱን ኢንሻአላህ መልሼ እለብጠዋለሁ። አሁን የመጣሁት ቃሌን ልመልስ ነው። ቃል ቫርኒሽ አይቀባም።»

ብዙዎቻችን በሼሁ ቦታ ብንሆን «ሳላውቅ ነው የተናገርኩት፤ ወንጀል የለብኝም» ብለን በሰላም እንተኛ ነበር። እውነት ነው፣ ሳያውቁ በተናገሩት አላህ አይዝም። ሼህ ሙህዬ ግን ካወቁባት ደቂቃ ጀምሮ ያቺ «የለውም» የራሳቸው ውሸት እንደምትሆን ገብቷቸዋል። ስለዚህ ሶብር አድርገው ስድቡን ተቀበሉ፤ የልጅቱንም ስም አላነሱም። የሷን ጥፋት መናገር የሷ ነው።

ረውዳ በነጋታው ሱብሂን ሰግዳ መጀመሪያ ያደረገችው የሐጂ ጧሃን በር ማንኳኳት ነው። እዚያው ያደሩት እንግዶች ቁርስ ላይ ነበሩ። ጫማዋን ሳታወልቅ ደፉ ላይ ቆማ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ «ያጠፋው የአያቴ ዓይን አይደለም፤ የኔ እጅ ነው» አለች።