ያልተከፈተው የሳንቲም ሣጥን

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው ሳንቲም በሚመታበት ቤት ነበር። የሚመታው ታዲያ ጨውና በርበሬ የሚገዛበት ሳንቲም አይደለም፤ በአገሩ አንድ ትልቅ ነገር ሲሆን ለመታሰቢያ ተብሎ ከንጹሕ ብር የሚወጣ ነው። ሰውየው እያንዳንዱን ከመምቻው ሥር እያነሳ በየሣጥኑ ይደረድራል። የእጅ ላብ ብሩን ስለሚያጠቁረው ያለ ነጭ ጓንት መንካት ክልክል ነበር። በዚህ ሥራ ላይ እንዳለ ዕድሜው ሄደ።

ታንጉት፣ ፊትሽን አታጥቁሪብኝ። «የኔታ፣ ቤታችን ያለውን የታሸገ የሳንቲም ሣጥን ልክፈተው ወይስ እንደ ታሸገ ላስቀምጠው?» ብለሽ የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። እኔ እንደሆንኩ ሲጠይቁኝ ከሩቅ ነው የምጀምረው፤ ይህንን ከፊደል ጀምሮ ታውቂዋለሽ። ቁጭ በይና ስሚ።

ሰውየው ጡረታ ሲወጣ አለቆቹ አንድ ሣጥን ሸለሙት። ውስጡ ትልቁ ድልድይ በተመረቀ ጊዜ የተመቱት ሳንቲሞች አሉ፤ ላዩ በላስቲክ ተጠቅልሎ ማኅተም ተደርጎበታል። ቤቱ ወስዶ ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀመጠው። እንግዳ ሲመጣ ያሳያል እንጂ አይከፍትም። ከጊዜ በኋላ ሚስቱ ሞተችበት። ዓይኑም እየደከመ ሄዶ ጨርሶ ጠፋና ከወንድ ልጁ ጋር ይኖር ጀመር።

ልጁ ክፉ ልጅ አልነበረም። ይህን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይህን ያህል ባላሳዘነኝ። አባቱን ያበላል፣ እግሩን ያጥባል፣ እሁድ እሁድ ክንዱን ይዞ ቤተ ክርስቲያን ያደርሰዋል። የሰፈሩ ሰው ልጆቹን ሲመክር «እሱን እዩት» ይል ነበር።

አንድ ቀን አባትየው ጠራው።

«ልጄ፣ ያን ሣጥን ክፈትልኝና አንዱን ሳንቲም በእጄ ልያዘው።»

«አባዬ፣ ምን ያደርግልዎታል? አያዩትም እኮ።»

«ዓይኔማ ጠግቦታል፤ ያልጠገበው እጄ ነው። ያን ሁሉ ዘመን በጓንት ነው የያዝኩት። እስቲ አንድ ጊዜ ድልድዩን በጣቴ ልዳብሰው።»

ልጁ ግን ቀደም ብሎ የድሮ ሳንቲም የሚሰበስቡ ሰዎችን ጠይቆ ነበር። «ማኅተሙ ካልተነካ ዋጋው እያደር ይጨምራል፤ ከተነካ ግን ያው ተራ ብር ነው» ብለውታል። ለራሱ ፈልጎት አይደለም። በልቡ ለአባቱ ተዝካር አስቦታል። ሰፊ ዳስ ተጥሎ፣ ካህናቱ ተሰብስበው፣ ድሃው ጠግቦ በልቶ፣ «እንዲህ ያለ አባት እንዲህ ያለ ልጅ ወልዶ ነበር» እንዲባል ነው ምኞቱ። አባቱን እንደዚያ ይወድ ነበር።

ሰው በቁሙ ሳለ «ለተዝካርዎ ያስቀመጥኩት ነው» አይባልም። ነውር ነው፤ ሟርትም ነው። ስለዚህ ልጁ እውነቱን ውጦ ሌላ ሌላ ምክንያት ይሰጥ ጀመር። «ለፋሲካ እንከፍተዋለን» አለ፤ ፋሲካ መጥቶ አለፈ። «እህቴ ከክፍለ ሀገር ትምጣና አብረን እንከፍተዋለን» አለ፤ እህቱም መጥታ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ አባትየው አልጠየቀም።

«እንግዲያውስ ሣጥኑን እንዲሁ ጉልበቴ ላይ አድርግልኝ» አለ ብቻ። አደረገለት። ሽማግሌው ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ላስቲኩን ሲዳብስ ይውላል። ልጁ በሩ ላይ ቆሞ ያየዋል። አንድ ቀን የአባቱ ጥፍር ላስቲኩን እንዳይቀደው ሰጋ። ምላጭ አመጣና «አባዬ፣ ጥፍርዎ አድጓል» ብሎ የእጁን ጥፍር በሙሉ ቆረጠለት። አባትየው ለንጽሕና መስሎት «ተባረክ ልጄ» አለው።

ሽማግሌው በአንድ የገበያ ቀን ረፋድ ላይ፣ ወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ ነፍሱ ወጣች። አንገቱ ዘንበል ሲል አይቶ ልጁ ሮጠ። ሮጦ ሲደርስ መጀመሪያ የያዘው አባቱን አይደለም፤ ከጉልበቱ ላይ ሊንሸራተት የነበረውን ሣጥን ነው። ማንም አላየውም ነበር። ኋላ በለቅሶው መካከል ደረቱን እየደቃ የተናገረው እሱ ራሱ ነው።

ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ካህን መጣ፣ አስከሬኑ ታጠበ። እንደ ደንባችን ሁለቱ አውራ ጣቶቹ ተገጥመው በክር ታሰሩ። ያን ጊዜ ልጁ ብድግ አለ። ገብቶ ሣጥኑን አመጣና በሰው ሁሉ ፊት ማኅተሙን በጥርሱ በጠሰው። ላስቲኩን ቦጫጨቀው። ብሩ ገና ዛሬ የተመታ ይመስል ነበር። አንዱን አንስቶ በአባቱ መዳፍ ውስጥ ሊያስገባ ታገለ፤ መዳፉ አልከፈት አለው።

«አባዬ፣ እንኩ! ድልድዩ እኮ ነው! ይዳብሱት!»

የሚገንዙት ሽማግሌ እጁን ያዙት።

«ተው ልጄ። ታስሯል።»

ሳንቲሙ ከጣቱ አምልጦ አልጋው ሥር ገባ። ጎንበስ ብሎ የፈለገው ሰው አልነበረም።

ተዝካሩስ? ወጣ። ልጁ ያለ የሌለውን ሸጦ እንዳሰበው አድርጎ አወጣው። ዳሱ ሰፊ ነበር፤ ሰው በላ፣ ጠጣ። ሊሄድ ሲነሳም «ለእኛም እንዳንተ ያለ ልጅ ይስጠን» ብሎ መረቀው። ልጁ ይህን ምርቃት መሸከም አቃተው። ከዳሱ ወጥቶ ጓሮ ተቀመጠና እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባል የለ? እሱም እንደዚያው ሆነ።

እንግዲህ ታንጉት፣ ወደ አንቺ ልምጣ። ማኅተሙ ከተነሳ ዋጋው ይወርዳል ወይ ብለሽ እንደሆነ፣ ይወርዳል። አልዋሽሽም፤ የነገሩሽ ሰዎች ልክ ናቸው። ብቻ አንቺ ስትጠይቂኝ «ክፈቺልኝ» ያለሽ ማን እንደሆነ ዘለልሽው። እኔ አውቃለሁ። ልጠይቃት መጥቼ ሳለ እናትሽ ከአልጋዋ ቀና ብላ «የኔታ፣ ባሌ የሰጠኝን ሣጥን ከፍቼ ሳላየው ልሄድ ነው» አለችኝ። አንቺ አጠገቧ መጋረጃ ታስተካክዪ ነበር። ሰምተሻል ልጄ፤ አልሰማሁም አትበይኝ።

ያ ልጅ አንቺ ነሽ። እሱ አባቱን እንደሚወድ አንቺም እናትሽን ትወጃለሽ፤ ለዚህ ምስክር አያሻሽም። ግን የምታስቀምጪላት መልካም ነገር ሁሉ በሕይወት ሳለች አይደርሳትም። የዚያን ሽማግሌ እጅ ያሰረው ገናዥ ነው፤ ገናዥ ደግሞ ሥራው ነው፣ አይወቀስም። የእናትሽን እጅ ግን በቁሟ ያሰርሽው አንቺ ነሽ፤ በዚያች ማኅተም።

አታልቅሺ። ልጁ ያለቀሰውን ለቅሶ እንዳታለቅሺ ብዬ ነው የደከምኩት። ነጠላሽን አስተካክዪና ተነሺ። ስትደርሺ መቀሱን ለእሷ ስጫት፤ ራሷ ትቁረጠው። ብትንቀጠቀጥ ክንዷን ደግፊያት እንጂ አትቀሚያት። ስለ ዋጋው ደግሞ ትንፍሽ እንዳትዪ። «ነገ ጠዋት» የሚለውንም ተዪው፣ ለምሳም አትቁሚ። እዚህ ስትመጪ ተኝታ ነው የተውሻት አይደል? ሂጂ ልጄ፣ ቀስቅሻት።