የፊታውራሪ መኪና ወዴት ትጎትታለች?

ፊታውራሪ አንዳርጌ ያቺን አሮጌ መኪናቸውን ከዋርካ ጋር አላትመው አካሏን የሚሸከመውን የብረት አጽም፣ ሻንሲዋን፣ አጣመሙት። አንድ ምላሰኛ የጋራዥ ሠራተኛ ቀጥቅጦ አቃናው፤ ከማዕዘን ማዕዘን በሁለቱም ሰያፍ ሲባጎ ወጥሮም የሁለቱ ልክ እኩል መሆኑን አሳያቸው።

በሳምንቱ ፊታውራሪ አሽከሮቻቸውን አስከትለው እየደነፉ መጡ።

«አንተ ቀጣፊ! መኪናዬ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ወደ ግራ፣ ስመለስ ወደ ቀኝ ትጎትታለች። አሁኑኑ ጥፋትህን እመን፤ አለዚያ ዘብጥያ ትወርዳለህ!»

ሰውየው እጁን በጨርቅ ጠራርጎ እጅ ነሳ።

«ጌታዬ፣ የተጣመመ ሻንሲ ቢሄዱም ቢመለሱም የሚጎትተው ወደ አንድ ወገን ነው። ሲሄዱ በግራ፣ ሲመለሱ በቀኝ የሚገኘው የወይዘሮ ብርቄ ጠጅ ቤት ነው። እኔ ሻንሲውን አቅንቻለሁ፤ ጠጅ ቤቱን ግን እርስዎ ከመንገዱ ያስነሱልኝ።»